ትልቅ ትርፍ ጎማ በመኪና ላይ ስለሚጫንበት አኳኋን

ለእርሻና ለከብት ሕክምና ሥራ ወደ ገጠር የሚላክ መኪና ከዋናው መንገድ ወጥቶ በጭቃና በአለት ላይ መሄድ የዘወትር ግዳጁ ስለ ሆነ፤ ሾፌሮች ስኮርታ የሚሉትን ትርፍ ጎማ ሳይዝ ሊነሣ እንደማይገባው ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን የሚበዛው ጉድለት ስኮርታ ጨርሶ መታጣቱ አይደለም፤ የተያዘው ስኮርታ ከአራቱ ጎማዎች ጋራ በልክ አለመስማማቱ ነው። መኪናው ከመሬት ከፍ እንዲልና ጭቃውን እንዲያልፍ ተብሎ ከፋብሪካው ልክ የበለጡ አራት ጎማዎች ይገዙለታል፤ አምስተኛው ግን ወይ ገንዘብ አልተረፈም ተብሎ፤ ወይም በቀድሞው መስቀያ ላይ አልገባም ተብሎ ይተዋል። አሮጌውና ትንሹ ስኮርታ በቦታው እንደ ተሰቀለ ስለሚቀር፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰው መኪናው ምንም ያልጐደለበት ይመስላል።

የጉዳቱን መጠን ለማወቅ የከብት ክትባትን ሥራ መመልከት ይበቃል። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ የሚባለውን ወረርሽኝ የሚከላከለው ክትባት በቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተዘጋጅቶ በየአገሩ ይላካል። ይህ ክትባት ሕያው ነገር ያለበት በመሆኑ፤ በበረዶ ሣጥን ሆኖ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሳያልፍ መድረስ አለበት፤ ከተበጠበጠም በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተወጋ ዋጋ የለውም። እንግዲህ ከሎግያ ተነሥቶ በአፋር ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የሚሄድ አንድ መኪና ጎማው ተቀደደ እንበል። አርብቶ አደሩ መንጋውን ከያለበት ሰብስቦ በቀጠሮው የውሃ ጕድጓድ አጠገብ ይጠብቃል፤ በረዶው በሣጥኑ ውስጥ ይቀልጣል፤ ሾፌሩ ደግሞ ያወረደው ስኮርታ ከሌሎቹ በሦስት ጣት ያህል ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ቢገጥመው መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ባይገጥመው በዚያው ቆሞ ይቀራል። ፍየሎቹን ቀኑን ሙሉ በፀሐይ አቁሞ የዋለ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ የሚመጣው በብዙ ልመና ነው።

በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው የከብት ደስታ በሽታ በአፋር አገር የተሸነፈው፤ ያለ በረዶ ለሳምንታት የሚቈይ ክትባት ተገኝቶ የአገሩ ልጆች መኪና በማይደርስበት ስፍራ በእግራቸው ስላደረሱት እንደ ሆነ ይታወሳል። ዛሬ የሚላከው ክትባት ሁሉ ግን ሙቀትን እንደዚያ የሚችል አይደለም፤ ስለዚህ የመኪናው ነገር በቸልታ አይታለፍም።

ልኩ ያልተስማማ ጎማ ስለ ምን እንደሚጐዳ ነገሩ ግልጽ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ትልቅና ትንሽ ጎማ ሲገጠም፤ ትንሹ ከትልቁ ጋራ እኩል መንገድ ለመሄድ የበለጠ መዞር ግድ ይሆንበታል። መኪናው ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ሳለ እንኳ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ጥርሶች በመታጠፊያ ላይ እንዳለ ሁሉ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራሉ፤ ዘይቱ ይግላል፤ ጥርሱም ይበላል። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የሆነው መኪና በአራቱም ጎማ እንዲስብ በተደረገ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እንደ ላንድክሩዘር ፒካፕ ባሉት ላይ ያን ጊዜ የፊቱና የኋላው ዘንግ በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ አንድ ላይ ስለሚታሰሩ፤ አንዱ ጎማ ያነሰ እንደ ሆነ በደረቅ መሬት ላይ ብረት ከብረት ጋራ ይታገላል። ጭቃና አሸዋ ጎማውን እያንሸራተተ ትግሉን ያቀልለታል፤ ጠንካራ ጥርጊያ ግን አያቀልለትም።

በግድ ትንሹን ስኮርታ መግጠም የመጣ እንደ ሆነ፤ እንዲህ ባለው መኪና ላይ የሚገጠመው በፊት በኩል ነው። የተቀደደው የኋላው ጎማ ቢሆንም እንኳ፤ ከፊት አንድ ደህና ጎማ ተፈትቶ ወደ ኋላ ይዛወራል፤ ትንሹም በፊት በኩል ይገባል። የፊቱን ማርሽ ሳያስገቡ፤ በዝግታ፤ እስከሚቀርበው ጎሚስታ ድረስ ብቻ መሄድ ይቻላል። ይህ መዳኛ እንጂ መጓጓዣ አይደለም።

አሁን ስለ ልክ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የግዢ ወረቀት የሚፈርም ሹም በጎማው ጎን የተጻፈውን አኃዝ ማንበብ ካልቻለ ነጋዴው ያቀረበለትን መቀበል ብቻ ይሆናል። 265/70 ባለ 16 ቸርኬ ማለት፤ የጎማው ስፋት 265 ሚሊሜትር፤ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 70 እጅ፤ የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 16 ኢንች ነው። የ265 ከመቶ 70 እጁ 185 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል፤ የላይና የታች ጎን ስለ ሆነ እጥፉ 371 ነው፤ 16 ኢንች ደግሞ 406 ሚሊሜትር ነው። ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ቁመት 777 ሚሊሜትር ይሆናል። በብዙ ሾፌሮች የሚወደደው 285/75 ባለ 16 ቸርኬ በዚሁ ሒሳብ 834 ሚሊሜትር ያህል ይወጣዋል። ልዩነቱ ከ5 ሴንቲሜትር ተኩል በጥቂት ይበልጣል። ከዚህም ለመኪናው ሆድ የሚተርፈው ከፍታ እኩሌታው ብቻ ነው፤ ይኸውም ሦስት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ የሚገኘው ትርፍ ይህን ያህል መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው።

ከዚሁ ጋራ የተያያዘ አንድ የጽሕፈት ቤት ነገር አለ። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ስለሚረዝም፤ የኪሎሜትር ቈጣሪው በትንሹ ጎማ የተስተካከለ ከነበረ ከእውነተኛው አሳንሶ ይቈጥራል። 80 ሲል መኪናው 86 ያህል ይሄዳል፤ 100 ኪሎሜትር ብሎ ሲመዘግብ የተሄደው 107 ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ መኪናው ለአጭር መንገድ ብዙ ነዳጅ የጠጣ ይመስላል። ጎማው መለወጡ በመዝገብ ካልተጻፈ፤ ነዳጅ ሸጠ ተብሎ የሚጠረጠረው ሾፌሩ ነው። የሒሳብ ሹም ሾፌሩን ከመጠየቁ በፊት የጎማውን አኃዝ አንብቦ ቢመጣ ፍርዱ የቀና ይሆናል።

ስኮርታ መያዝ ራሱ ከአውቶሞቢል ጋራ አብሮ የተፈጠረ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ጎማ በፈነዳ ጊዜ መንገደኛው በዚያው ተቀምጦ ሲለጥፍ ይውል ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1904 በዌልስ አገር በላኔሊ ከተማ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ስቴፕኒ የተባለውን ትርፍ ጎማ አወጡ፤ በህንድ አገር እስከ ዛሬ ትርፍ ጎማን ስቴፕኒ ይሉታል። በኛ አገር ግን ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀው ጂፕ ስኮርታውን በጀርባው ይሸከም ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአምስተርዳም ለሕዝብ የታየው ላንድሮቨር ደግሞ በጭነቱ ቦታ ወይም በኮፈኑ ላይ እንዲሸከም ተደረገ። የእነዚያ ዘመን ጎማዎች ቀጫጭንና ቀላል ስለ ነበሩ ይህ ይቻል ነበር። የዛሬውን ሰፊ ጎማ በኮፈን ላይ ቢያስቀምጡት የሾፌሩን ዓይን ይጋርዳል፤ ሞተሩን ለማየት ኮፈን ማንሣትም ለአንድ ሰው የማይቻል ይሆናል።

ስለዚህ የቀሩት ቦታዎች የኋላው በር፣ የመኪናው ሆድ፣ ጣራውና የጭነቱ ሥፍራ ናቸው።

በበሩ ላይ መስቀል በብዙ መኪናዎች የተለመደ ነው፤ በሩና ማጠፊያው ግን የተሠሩት ፋብሪካው ለሰጠው ጎማ ክብደት ነው። የብረት ቸርኬና 285 ጎማ አንድ ላይ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ የሚተልቀው 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህ ክብደት ዝም ብሎ የተሰቀለ ቢሆን በሩ ይችለው ይሆናል፤ ዳሩ ግን መኪናው ጕድጓድ ገብቶ በነጠረ ቍጥር ክብደቱ በቅጽበት እጥፍ፤ አንዳንድ ጊዜም ሦስት እጥፍ ሆኖ ይጐትታል። ጎማውም ሰፊ ስለ ሆነ ወደ ውጭ ርቆ ይንጠለጠላል፤ መጐተቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ምልክቱ አስቀድሞ ይታያል፤ በሩ ሲዘጋ በእጅ ማንሣት ይፈልጋል፤ ቀጥሎ በመስቀያው ዙሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ይሰነጠቃል፤ አቧራም በበሩ ጠርዝ ይገባል። ይህ የታየበት በር ጎማው ሳይወርድለት ሌላ ጉዞ ሊሄድ አይገባም።

ፒካፖች ስኮርታቸውን ከሆዳቸው በታች በሰንሰለት አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ትልቅ ጎማ በዚያ ቦታ ወይ ከጭስ ማውጫው ጋራ ይነካካል፤ ወይም ወደ ታች ወርዶ ከወንዝ ዳር ሲወጣ መሬት ይጐትታል። ከዚህም ይልቅ የሚያስቸግረው፤ መኪናው በጭቃ ተቀብሮ በጎማ መፍረስ የቆመ እንደ ሆነ፤ ስኮርታው የሚገኘው በዚያው ጭቃ ውስጥ መሆኑ ነው። በክረምት በወሎና በጎጃም ጥቁር መሬት ላይ የሠራ ሾፌር ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

በጣራ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ መጫን ለዓይን ያምራል፤ ቦታም አይፈጅም። ነገር ግን 40 ኪሎ ከሰው ቁመት በላይ ሲወጣ መኪናው በጎን ተዳፋት ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ይጨምራል። አንድ ሰው ብቻውን ያን ጎማ ከጣራ ሲያወርድ ወገቡን ይጐዳል፤ ወይም ጎማው አምልጦ መስተዋቱን ይሰብራል። የጭነቱ ሥፍራ ከሁሉ ይሻላል፤ ዝቅ ያለ ነውና፤ ደግሞም ጎማው በቆመበት ከፊተኛው ግድግዳ ጋራ በቡሎን ቢታሰር አይነቃነቅም። ጉዳቱ ቦታ መፍጀቱ ነው፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚጭን መኪና አንድ ሁለት ኵንታል የሚያርፍበትን ቦታ ያጣል። ለክትባትና ለቍጥጥር ሥራ ብቻ የሚሄድ ፒካፕ ግን ከዚህ ሌላ መፈለግ አያስፈልገውም።

የተዘጋ ሣጥን ላለው መኪና፤ ትልቅ ጎማም በግድ ለሚያሻው፤ የሚበጀው ከሻንሲው ላይ የሚነሣና ከኋላው ፓራውልት ጋራ የተሠራ የራሱ መሸከሚያ ክንድ ነው። ይህን በየከተማው ያሉ በያጆች ይሠሩታል፤ ሁሉም ግን አጥብቀው አይሠሩትም፤ ስለዚህ አሠሪው ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። በመጀመሪያ መሸከሚያው የሚታሰረው በሻንሲው ነው እንጂ በቆርቆሮው አይደለም፤ የሚታሰረውም በቡሎን ነው። ሻንሲው መበሳት ቢኖርበት በጎኑ ይበሳል እንጂ የላይኛውና የታችኛው ከንፈሩ አይነካም፤ ጭነት ሲመጣ መታጠፍን የሚቋቋመው ያ ከንፈር ነውና። በመኪናው ላይ ብየዳ የሚደረግ እንደ ሆነ የባትሪው ሽቦ አስቀድሞ ይፈታል፤ አለዚያ በዛሬ መኪናዎች ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መቈጣጠሪያ ይቃጠላል።

ክንዱ ወደ ጎን እየተከፈተ በሩን የሚያስከፍት መሆን አለበት። የሚዞርበት ማጠፊያ እንደ ቤት በር ማጠፊያ ተራ ብረት በብረት ላይ ከሆነ በጥቂት ወራት ይበላል፤ ክንዱም ይንቃቃል። የተጎታች ጋሪ ጎማ የሚዞርበት ዓይነት ወፍራም ዘንግ፤ ከላይና ከታች ኩሽኔታ ያለውና ግራሶ የሚቀባ ሲሆን ብዙ ዓመት ያገለግላል። ከዚህም የሚበልጠው፤ ክንዱ በተዘጋ ጊዜ ሌላው ጫፉ በማረፊያ ላይ መቀመጡ ነው። በጉዞ ላይ ሙሉውን ክብደት ማጠፊያው ብቻ ከተሸከመው ምንም ቢወፍር ይደክማል። ማረፊያው ክንዱን በጥቂቱ ወደ ላይ አንሥቶ የሚቀበል ይሁን፤ መቀርቀሪያውም ወደ ውስጥ ስቦ የሚያጠብቅ ይሁን፤ የላላ መቀርቀሪያ ለጊዜው ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ በኋላ ግን ብየዳውን ይፈታል። ዳግመኛ፤ ክንዱ ሲከፈት በቦታው የሚያስቀረው ማገቻ ያስፈልገዋል። መኪናው በተዳፋት ላይ ቆሞ ከኋላ የበረዶ ሣጥን የሚያወርድ ሰው፤ 40 ኪሎ ጎማ በራሱ ዞሮ ቢመጣበት ትከሻው ይሰበራል። ጎማው የሚሰቀልበትም ከፍታ የኋላውን መስተዋት፣ የሰሌዳውን ቍጥርና ፍሬቻውን የማይከልል ይሁን።

የጥንት ነጋዴ አጋሰሱን ሲጭን ሸክሙን በሁለቱ ጎን አመዛዝኖ፤ ወደ ኋላም እንዳይሸሽ አጥብቆ ነበር የሚያስረው፤ ወደ ኋላ የሸሸ ጭነት ጀርባ ያቆስላልና። በመኪናም እንዲሁ ነው። በሁለቱ ዘንጎች መካከል 2 ሜትር ከ73 ሴንቲሜትር ያለው መኪና፤ ከኋላው ዘንግ 1 ሜትር ከ20 ርቆ ከነክንዱ 60 ኪሎ ቢሰቀልበት፤ የኋላው ዘንግ የሚጨመርበት 60 ሳይሆን 86 ኪሎ ያህል ነው። የበለጠው 26 ኪሎ ከፊተኛው ዘንግ ላይ የተነሣ ነው። ስለዚህ የኋላው ባሌስትራ ይዘቅጣል፤ መሪውም ይቀልላል። ክንዱን ያሠራ ሰው ባሌስትራውን ማስመርመር አለበት፤ ከኋላ በኩል ሌላ ከባድ ዕቃ፤ እንደ ነዳጅ ጀሪካን ያለውን፤ ባይጨምር ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ከተቈጠረ በኋላ፤ አብዛኛው የወረዳ መኪና ትልቅ ጎማ ባይገጠምለት ይሻለዋል ማለት ያስደፍራል። የፋብሪካውን ልክ ሳይለቁ ጥርሱ ጠለቅ ያለ የጭቃ ጎማ መምረጥ ይቻላል፤ የተረፈውም ገንዘብ ሁለተኛ ስኮርታ ይገዛል። እሾህና ስለታም ድንጋይ በበዛበት በቆላ አገር፤ ሁለት ትክክለኛ ስኮርታ የያዘ መኪና አንድ ትልቅ ስኮርታ ከያዘው ይልቅ በእርግጥ ይመለሳል። ትልቅ ጎማ የሚያሻው በእውነት ሆዱ በአለት እየተመታ የሚሄድ መኪና ብቻ ነው፤ ለእርሱም ቢሆን የጥያቄው ወረቀት አራት ጎማ ሳይሆን አምስት ጎማ፤ ከነመሸከሚያው ክንድ፤ ተብሎ ይጻፍ። በልዩ ልዩ ወረቀት የተጠየቀ ነገር አንዱ ተፈቅዶ ሌላው ይቀራል።

አብረው የሚሄዱት ትንንሽ ዕቃዎችም አይረሱ። ትልቅ ጎማ ያለው መኪና ከፍ ስለሚል የፋብሪካው ክሪክ ላይደርስ ይችላል፤ ለስላሳ መሬት ላይም ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ሳንቃ ይያዝ። ጎማውን ወደ ቡሎኑ ለማንሣት በእጅ መታገል አያሻም፤ አካፋ ከጎማው በታች አስገብቶ እጀታውን በእግር መጫን ይበቃል። መኪናው በአሉሚኒየም ቸርኬ የሚሄድ ሆኖ ስኮርታው የብረት ቸርኬ ያለው እንደ ሆነ፤ የአሉሚኒየሙ ዳዶ ብዙ ጊዜ በብረቱ ላይ ልክ ስለማይቀመጥ፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለው የብረቱ ዳዶ በከረጢት ሆኖ ከመኪናው ጋራ ይቀመጥ። አዲስ ጎማ ተገጥሞ ጥቂት ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላም ዳዶው እንደ ገና ይጥበቅ።

ስኮርታ ሳይሠራበት ያረጃል። ከውጭ የተሰቀለ ጎማ ፀሐይ ስለሚመታው ጎኑ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ አየሩም ማንም ሳያየው ያልቃል። ሸራ ማልበስና በየወሩ አየሩን መለካት፤ በየ10,000 ኪሎሜትሩም አምስቱን ጎማ በየተራ ማዛወር ልካቸውን ሁሉ አንድ ላይ ያኖረዋል። ጎማው የተሠራበት ጊዜ በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 2319 ቢል፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ብዙ ጎማ ሠሪዎች 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ያልተነካ ቢሆንም እንኳ እንዲጣል ይመክራሉ። የግምጃ ቤት ሹም ጎማ ሲረከብ እነዚህን አራት አኃዞች ከጎማው ልክ ጋራ በመዝገብ ቢያሰፍር፤ ለመኪናው ሲያወጣም የሰሌዳውን ቍጥር ከአጠገቡ ቢጽፍ፤ የትኛው ስኮርታ የየትኛው መኪና እንደ ሆነና መቼ እንደሚለወጥ ወደ ሜዳ ሳይወጣ ከመዝገቡ ያነበዋል።